ሽጉጥ ይዛችሁ "ሰው የሚጨፈጭፍ ተኳሽ ቢመጣ እጋፈጠዋለሁ" ለምትሉ፦ ክላስ ላይ ሁሌ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ፣ ተኩስ መለማመጃው ሬንጅ ላይ ወረቀቱን መሀል መሀሉን የሚበሳ ጎበዝ ልጅ፣ በሰማያዊዋ የፕላስቲክ ሽጉጥ ስንለማመድ አጥቂ ሆኖ የገባውን ሰውዬ በደንብ አስቆመው። ጥሩ። ከዛ እጁን እንደዘረጋ የወደቀው ሰውዬ አናት ላይ ቆሞ ቀረ። እኔ ፖሊስ ሆኜ በጓሮ በር ገባሁና "ፖሊስ! መሳሪያህን ጣል!" ስል ከነሽጉጡ ዞረብኝ፣ አፈሙዙ ቀጥ ብሎ ደረቴ ላይ። እዛው ገደልኩት፣ ለልምምድ ማለቴ ነው። "እንዴ ጋሼ! እኔ እኮ ደህናው ሰውዬ ነኝ!" አለኝ። ግንባርህ ላይ ተጽፏል ልጄ?

አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ ደብቀው ለሚይዙ ሲቪሎች፣ በተለይ ቤተክርስቲያን በር ላይ በፈቃደኝነት ለሚቆሙ ወገኖች፣ አክቲቭ ሹተር፣ ማለት ሰው መሀል ገብቶ ያገኘውን የሚተኩስ፣ ቢመጣ ምን እንደሚያደርጉ ማሰልጠን ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ይቺን ስህተት ያላየሁበት ክላስ ግን የለም። ሁሉም የሚለማመደው እስከ ተኩሱ ድረስ ነው፣ ከተኩሱ በኋላ ያለችውን አንድ ደቂቃ የሚለማመድ አላየሁም። በፈረንጅ 2021 ኮሎራዶ፣ አርቫዳ ላይ አንድ ሰውዬ ፖሊስ ገድሎ ጠመንጃ ይዞ ሲንቀሳቀስ ሽጉጥ የያዘ ሲቪል ተኩሶ አስቆመው፣ ከዛ የአጥቂውን ጠመንጃ አነሳ፣ እና የደረሰው ፖሊስ ጠመንጃ የያዘ ሰው አየና ተኩሶ ገደለው። በ2018 ደግሞ አላባማ፣ ሁቨር፣ የታንክስጊቪንግ ማታ ሞል ውስጥ ተኩስ ተከፍቶ ሽጉጡን ያወጣ የ21 ዓመት ልጅ በፖሊስ ተገደለ፣ ተኳሹ እሱ እንዳልነበረ የታወቀው በኋላ ነው።

ፖሊሱን ከመርገማችሁ በፊት ግን ነገሩን በሱ ዓይን እዩት። ድሮ ከበው ልዩ ኃይል ይጠብቁ ነበር፣ ከ1999ኙ የኮለምባይን ትምህርት ቤት ጥቃት በኋላ ግን መጀመሪያ የደረሰው ገብቶ ተኳሹን እንዲያስቆም ነው የሚሰለጥነው። በሬዲዮ የሰማው "መሳሪያ የያዘ ሰው" የሚል ነው። ገባ፣ መሳሪያ የያዘ ሰው አየ። በቃ፣ አንተ ነህ።

ስለዚህ ሰውዬው ከቆመ መሸሸጊያ ያዙ፣ ዙሪያውን እዩ፣ አደጋው ካለፈ ሽጉጡን ወደ ሆልስተሩ፣ ማለት ወደ ማህደሩ፣ መልሱና እጃችሁን ባዶ አድርጋችሁ አሳዩ። የአጥቂውን መሳሪያ አትንኩ፣ ሌላ ሰው እንዳያነሳው ከጎኑ ሆኖ መከልከል ይበቃል። 911 የሚደውል ሰው "የተኮሰው ወድቋል፣ ያስቆመው ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው ነው" ይበል። ከኋላችሁ ድምፅ ስትሰሙ እንዳትዞሩ፣ ጣል ከተባላችሁ ጣሉት። "800 ዶላር ነው የገዛሁት፣ ሲወድቅ ይቧጨራል" ያለኝ ሰው አለ እኮ፣ ይቧጨር!

ሌላው ስህተት፣ ተኩስ ወደተሰማበት መሮጥ ነው። ያሁሉ ክፍል፣ ያሁሉ ሰው አለ፣ የት ትሄዳለህ? ሽሽ፣ ተደበቅ፣ ካልሆነ ታገል የሚባለው ቅደም ተከተል ወገብህ ላይ ሽጉጥ ስላለ አይቀየርም። ልጅህን በአንድ እጅህ ይዘህ ከሆነማ መልሱ በሩ ነው። ኤፍቢአይ ከ2000 እስከ 2013 የነበሩ 160 ጥቃቶችን አጥንቶ ነበር፣ በ21ዱ አጥቂውን ይዘው ያስቆሙት ባዶ እጃቸውን የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ ፖሊስ ያልሆነ የታጠቀ ሰው ተታኩሶ ያበቃው 5 ብቻ፣ ከ5ቱም 4ቱ ጋ የጥበቃ ሰራተኞች ናቸው። ይሄን የምለው ሽጉጡን ቤት አስቀምጡ ለማለት አይደለም፣ ሽጉጥ ብቻ የተማረ ሰው ግማሹን ነው የተማረው ለማለት ነው።

ሌላም ስህተት፣ አንዱን አጥቂ ብቻ ማየት። በ2014 ላስ ቬጋስ አንድ ሱቅ ውስጥ ሽጉጥ የያዘ ደፋር ሰው ተኳሹን ሊይዝ ሲጠጋ ከኋላ በኩል የሰውዬው ሚስት መትታ ገደለችው፣ አብራው መሆኗን አላወቀም። አንድ ካያችሁ ሁለተኛውን ፈልጉ።

ወረቀት ላይ ብቻ መተኮስ የራሴም ኃጢአት ነው። ዓመታት ወረቀት ስበሳ ኖሬ ራሴን አዋቂ ያደረግኩ ጊዜ፣ ቀለም በሚተፋው የልምምድ ሽጉጥ ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ አስገቡኝ። ጩኸት፣ የሚሮጥ ሰው፣ ከበሩ ጥቁር ነገር የያዘ አንድ ሰው ብቅ አለ፣ ሁለት ጊዜ መታሁት። ስልክ ነበር የያዘው። ሸሚዙ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ቀለም በጣቱ እየነካ ዝም ብሎ አየኝ፣ እኔም ምንም የምለው አልነበረኝም። ከዛ ወዲህ የኔ ክላስ ላይ ከሚቀርቡት ሰዎች አብዛኞቹ የማይተኮስባቸው ናቸው፣ ሰልጣኞች ይሰለቻሉ፣ ይሰልቹ።

የቤተክርስቲያን ቡድኖች ደግሞ ሁላችሁም ሽጉጥ አታውጡ! በ2019 ዲሴምበር ቴክሳስ፣ ዋይት ሴትልመንት የሆነውን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፣ ከመጀመሪያው ጥይት አጥቂው እስኪወድቅ 6 ሰከንድ ገደማ ነው። 6 ሰከንድ! ከሞቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ራሱ ሽጉጡን ሊያወጣ የነበረ የጥበቃ ቡድኑ አባል ነው። ክላስ ላይ ይሄንኑ ስንለማመድ አንዱ ያስቆመዋል፣ ከዛ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ አምስቱ ሽጉጣቸውን መዘው አፈሙዙን በምዕመኑ ላይ እያዞሩ ይሯሯጣሉ። ማን በሩን እንደሚይዝ፣ ማን ከልጆቹ ክፍል ንቅንቅ እንደማይል፣ ማን እንደሚደውል በፊት ተነጋገሩ፣ የልጆቹን በር የያዘው ተኩስ ቢሰማም አይሄድም።

ባጭር ባጭሩ፦ ሽጉጥ በቦርሳ የያዘ ሰው ቦርሳውን መቀመጫው ላይ ትቶ ነው የሚሸሸው። ሽጉጡን ስትመልሱት ቀስ በሉ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ሆልስተር ውስጥ የገባ የሸሚዝ ጫፍ ምላጩን ይስባል። ቤት ስትለማመዱ ጥይቱ ሌላ ክፍል ይሁን። የቨርጂኒያ ፐርሚት፣ ማለት የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ፣ ይዛችሁ ድልድይ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ወረቀት ብቻ ነው፣ ሜሪላንድ የሌላ ስቴት ፐርሚት አትቀበልም፣ ስንቱን እንደነገርኩ!

ቱርኒኬት፣ ማለት ደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ የሌለው ሰልጣኝ ደግሞ ያናድደኛል። 800 ዶላር ሽጉጥ፣ 100 ዶላር ሆልስተር፣ 30 ዶላር ደም ማቆሚያ የለም። ሽጉጡን ዕድሜ ልክህን ላትጠቀምበት ትችላለህ፣ የመኪና አደጋ ግን ነገም አለ። ክንድ ወይ እግር ላይ ከቁስሉ ከፍ አድርጎ ማሰር፣ ደሙ እስኪቆም የማጥበቂያ ዱላዋን መጠምዘዝ፣ ሰዓቱን መጻፍ፣ ያማል፣ ካላመመው አልጠበቀም። ባለፈው ልጃቸውን ሊያደርሱ የመጡ እናት ከኋላ ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆዩና "እስቲ እኔም ልሞክር" ብለው ተነሱ። እኔ ክንድ ላይ አሰሩት፣ ዱላዋን ጠመዘዟት፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ።

"አመመህ ልጄ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"ጎሽ" ብለው አንድ ዙር ጨመሩልኝ።