የቻቦ ድንክ ዶሮ እርባታ፦ ረጅም እግሩን አትጣሉት

ቻቦ የሚባለውን የጃፓን ድንክ ዶሮ አይቶ የማይስቅ እንግዳ የለኝም። እግሩ ከሆዱ ሥር ተደብቋል። ጭራው ከራሱ በላይ ቆሟል። እንዲያም ሆኖ ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል። ከፍራንክፈርት የመጣ አንድ ዘመዴ "አሁን ይሄ 12 ብልት ሊወጣው ነው?" ብሎኛል። አይወጣውም። አውራው ከግማሽ ኪሎ እስከ 700 ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። ይህ ዶሮ የሚረባው ለዓይን ነው።

የምኖረው ጀርመን፣ ሄሰን ውስጥ ካለች መንደር ነው። እዚህ የጌጥ ዶሮ ቀልድ አይደለም። ብዙ መንደር የአርቢዎች ማኅበር አለው። በመጸውና በብርዱ ወራት ውድድር አለ፤ ትልልቆቹ ሃኖቨርና ላይፕሲግ ይደረጋሉ። ቻቦ መጀመር ለምታስቡ የማውቀውን ላካፍላችሁ። የምጀምረው ከእግሩ ነው፤ ጀማሪ የሚደናገረው እዚያ ላይ ነውና።

የእግሩ ሒሳብ

እግሩን የሚያሳጥረው አንድ ዘረ መል ነው። ጫጩቱ ይህን ከአባቱ ወይም ከእናቱ፣ ከአንዳቸው ብቻ ከወረሰ እግሩ አጭር ይሆናል። ከማንኛቸውም ካልወረሰ እግሩ ይረዝማል፤ ጤናው ምንም አይሆንም። ከሁለቱም ከወረሰ ግን አይፈለፈልም። አብዛኛው ገና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እንቁላሉ ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ አጭር እግር ብቻ የሚወልድ መንጋ የሚባል ነገር የለም። "የኔ ዘር ንጹሕ ነው፣ ረጅም አይወጣውም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

አሁን እንቁጠር። አጭር ከአጭር ስታገናኙ፣ ዘር ከያዙ 100 እንቁላሎች በአማካይ 50ው አጭር ይሆናሉ። 25ቱ ረጅም ይሆናሉ። የቀሩት 25ቱ ይሞታሉ። አጭር ከረጅም ስታገናኙስ? 50 አጭር፣ 50 ረጅም። በዚህ ዘረ መል የሚሞት የለም። አያችሁ? የአጭሮቹ ቁጥር በሁለቱም መንገድ እኩል ነው! ታዲያ ለምን እንግደል?

ብዙ ሰው ግን ረጅም እግሩን ውድድር ላይ ስለማይቀበሉት በርካሽ ሸጦ ይገላገለዋል። እኔ ከመንጋው የተሻለውን ረጅም አውራ አስቀርቼ ለአጫጭር ሴቶች እሰጣለሁ። ረጅሙ ሴቶቹን በቀላሉ ይደርስባቸዋል፤ አጭሩ አንዳንዴ ሲታገል ነው የሚውለው። ደግሞም የጀርመን የእንስሳት ጥበቃ ሕግ በአንቀጽ 11ለ ስቃይ የሚያወርስ እርባታን ይከለክላል። ስለ አጭር እግር ዶሮዎች ክርክር አለ። እንቁላል ውስጥ ሞት የማያስከትል መንገድ እያለ፣ ሌላውን የሚመርጥ ሰው ምን ብሎ እንደሚከራከር አይገባኝም።

ማገናኘት

እዚህ አርቢዎች አንድ አውራና ሁለት ሴት ሲሉ "1,2" ብለው ይጽፋሉ። ለቻቦ 1,2 ወይም 1,3 በቂ ነው። ሴቶቹ ቀድሞ ከሌላ አውራ ጋር ከነበሩ ሦስት ሳምንት ለብቻቸው ይቆዩ፤ የቀድሞው ዘር ውስጣቸው ይቆያልና አባቱ የማይታወቅ ጫጩት ታገኛላችሁ። የአውራውንም የሴቶቹንም የጭራ ሥር ለስላሳ ላባ በመቀስ ከርከም አድርጉት፤ ዘር የያዘው እንቁላል ይበዛል።

ወለሉ ደረቅ ይሁን። የቻቦ ሆድ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ በጭቃና በእርጥብ ሣር ላይ አይሆንለትም። ደረቅ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ አንጥፉ። ቆጡንም ዝቅ አድርጉት። ቅንቅን ደግሞ የቆጡን ስንጥቅ ይወዳል፤ ማታ ማታ በባትሪ እዩት።

እንቁላል መሰብሰብ የምጀምረው ማርች ላይ ነው። ኤፕሪል የተፈለፈለ ዶሮ ለኖቬምበር ውድድር ይደርሳል። እንቁላሉን ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ ከሳምንት ብዙም አይለፍ።

የቻቦ ሴት ጥሩ ታቃፊ ናት። የምትታቀፍ ካለች ማሽኑን ተዉት። ማሽን ከሆነ ግን አየር የሚያዘዋውረው ዓይነት 37.5 ዲግሪ ይሁን፤ እንቁላሉን እስከ 18ኛው ቀን አገላብጡ፤ ከዚያ ማገላበጡን አቁማችሁ እርጥበቱን ከፍ አድርጉ። በሰባተኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ እዩት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ደም ካያችሁ ሕያው ነው። የደም ቀለበት ብቻ ካያችሁ ሞቷል። ያገናኛችሁት አጭር ከአጭር ከሆነ ቀለበቱ ይበዛል፤ በማሽኑ አትፍረዱ።

ጫጩቶቹ የሚፈለፈሉት በ20ኛው ወይም በ21ኛው ቀን ነው፤ አንዳንዴም ቀደም ይላሉ። በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ውኃ መጠጫ ውስጥ ይሰጥማሉ። ጠጠር ጨምሩበት። ሙቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀንሱ። የጫጩት መኖ ሆኖ ፕሮቲኑ 20 በመቶ አካባቢ ከሆነ ይበቃል።

መገምገም

እኛ የበዓል ዶሮ ስንገዛ ዓይናችን ላባው ላይ ነው። ቀይ ነው ገብስማ? የራሱ ቀይ ሥጋ ነጠላ ነው ድርብ? ከዚያ አንስተን በእጅ እንመዝነዋለን። ቻቦ ላይ ይህን ልማድ ለጊዜው እርሱት። ቀለም የመጨረሻው ነው። የመጀመሪያው ቅርጽ ነው።

ዶሮውን አትያዙት። ጠረጴዛ ላይ ወይም በዓይናችሁ ትክክል ያለ የሽቦ ጎጆ ውስጥ አቁሙትና ከጎኑ እዩት። ከአንገቱ እስከ ጭራው ያለው መስመር "ሀ" ፊደልን መምሰል አለበት፤ አንገቱ አንዱ ቋሚ፣ ጭራው ሌላው ቋሚ፣ ጀርባው በመሃል ያለችው አጭር ጎድጓዳ። ጀርባው ከረዘመ "ሀ"ው ይለጠጣል፤ ዶሮውም ተራ ድንክ ይመስላል። ጭራው ትልቅና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ከራሱ ከፍ ይበል። ክንፉ ወደ ታች ወርዶ ጫፉ መሬት ሊነካ ይገባል። የአውራው የራስ ሥጋ ነጠላ፣ ትልቅና የቆመ ይሁን፤ ከወደቀ ጉድለት ነው።

ቀጥሎ ከኋላው እዩት። ጭራው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ለእርባታ አይሆንም። አለቀ። ሌላው ነገሩ የቱንም ያህል ቢያምር አጥንት የሚነካ ጉድለት ይወረሳል። ከዚያ አንሡትና የደረቱን አጥንት በጣታችሁ ዳስሱት፤ ቀጥ ያለ ነው? ጣቶቹስ አልተጣመሙም? ክንፉን ዘርጉት፤ ላባዎቹ መሃል ክፍተት አለ? ቀለሙን ማየት የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ነጭ ሆኖ ጭራው ጥቁር የሆነው በጣም ይታወቃል። እኔም የምወደው እሱን ነው፤ ገላውን ማጠብ ግን ሥራ አለው።

ረጅም እግሩንም በዚሁ ሚዛን መዝኑት። ከእግሩ በቀር ሁሉም ይመለከተዋል። "ሀ"ው የተሟላ፣ ጭራው የቆመ ረጅም አውራ ካገኛችሁ በምንም ዋጋ አትሽጡት።

አውራና ሴት ስታገናኙ አንድ ሕግ ያዙ፦ አንድ ዓይነት ጉድለት በሁለቱም በኩል አይኑር። የሴቷ ጭራ ዝቅ ካለ የአውራው ይቁም። የእሱ ክንፍ ትንሽ ከጠበበ የእሷ ሰፊ ይሁን።

ውድድሩ

ጀርመን ውስጥ ዶሮው ዓመቱ የተጻፈበት የማኅበሩን ቀለበት እግሩ ላይ ካላደረገ ነጥብ አይሰጠውም። ቀለበቱ በትንሽነቱ ነው የሚገባው፤ ካደገ በኋላ አያልፍለትም። የፈንግል ክትባት አንዲት ዶሮ ብቻ ላለው ሰውም ግዴታ ነው። የክትባት ወረቀት ከሌላችሁ የውድድሩን በር አታልፉም።

ዶሮውን ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት የሽቦ ጎጆ አስለምዱት። ሰው ሲጠጋው የሚደነግጥ ቻቦ ጭራውን ይጥላል፤ ዳኛው የሚያየው ደግሞ ያንን ነው። ነጩን ከሁለት ሦስት ቀን በፊት በለብታ ውኃና በሕፃን ሻምፖ እጠቡት፤ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ይድረቅ።

ነጥቡ ለጀማሪ ግራ ያጋባል። 90 ሰምታችሁ አትደሰቱ፤ "ይበቃል" ማለት ነው። 91 እና 92 ጥሩ፣ ከ93 እስከ 95 በጣም ጥሩ፣ 96 እጅግ ጥሩ፣ 97 ደግሞ የመጨረሻው ነው። ከነጥቡ የሚበልጠው ግን ካርዱ ነው። ዳኛው በሦስት ቦታ ይጽፋል፦ ያማረለትን፣ ቢሻሻል የሚለውን፣ ጉድለቱን። መሃለኛውን ደጋግማችሁ አንብቡት። ካርዶቹን በቀለበት ቁጥር አስተካክላችሁ ፋይል አድርጉ። ፌብሩዋሪ ላይ ማንን ከማን እንደምታገናኙ ስትወስኑ የምትከፍቱት እሱን ነው።