ገልባጭ መቁጠር፦ የድንጋይ ካባ ሲስፋፋ አስተያየት እንዴት ይጻፋል?

ቡና የምሸጠው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ገልባጮች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። አምና ከበላያችን ያለው የድንጋይ ካባ ሊሰፋ ነው ተባለና ስብሰባ ተጠራን። ተነስቼ "ኧረ አቧራው ጨረሰን!" ብዬ ተቀመጥኩ። ማንም አልመዘገበውም። ቁጥር የለውማ!

እናንተ መጀመሪያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርቱን፣ ማለትም ሥራው በአካባቢው ላይ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳየውን ጥናት፣ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ልመና አይደለም፤ አትሽኮርመሙ።

ዋናው ሥራ ቆጠራው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ከአንድ ቀን በላይ ቁጠሩ። ተማሪ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት ለብቻው ይያዝ። እኔ በልጄ አሮጌ ደብተር ላይ ስቆጥር በቀን 40 ምልልስ አገኘሁ። ደንበኛዬ የሆነ ሾፌር አንዱ ምልልስ 15 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል አለኝ። በቀን 600 ሊትር ማለት ነው። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አባዙት፤ በቀን ከ1.6 ቶን በላይ! ሪፖርቱ የካባውን ማሽን ብቻ ቆጥሮ መንገዱን ከዘለለ፣ እዚህ ላይ ያዙት።

"አይሆንም" ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ጭነቱ በሸራ ይሸፈን፣ መንገዱ ውሃ ይርከፍከፍበት፣ በተማሪ ሰዓት ገልባጭ ይቁም በሉ። ይህም የፈቃዱ ግዴታ ሆኖ እንዲጻፍ ጠይቁ።

አስተያየታችሁን የያዘው ደብዳቤ ሁለት ኮፒ ይሁን። የእናንተው ላይ ቀንና ማህተም ሳታስመቱ ከቢሮው እንዳትወጡ።