ሰፊና ባዶ የግቢ ግንብን ሲያስውቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰፊና ባዶ የሆነ የግቢ ግንብ የአትክልት ቦታውን ጠባብና የደበዘዘ ስለሚያስመስለው፣ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ በቶሎ ሸፍኖት ለመገላገል ይቸኩላል። በእኔ እምነት አብዛኞቹ ስህተቶች የሚወለዱት ከዚሁ ችኮላ ነው። ግንብ ከአፈር ውሃ ይስባል፣ ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ዝናብንም ከሥሩ ይጋርዳል። ይህ ጠባዩ ሳይጠና የሚደረግለት ማንኛውም ጌጥ ዕድሜው አጭር ይሆናል።

የመጀመሪያውና ጉዳቱ የከፋው ስህተት እርጥበት የያዘን ግንብ ቀለም መቀባት ነው። ከግንቡ እግር ተነሥቶ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠቆር ያለ ወዝ፣ በጣት ሲዳብሱት የሚረግፍ ነጭ ዱቄት፣ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን፣ ሦስቱም በውስጡ ውሃ እንደሚመላለስ የሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው። ነጩ ዱቄት ውሃው ከሲሚንቶውና ከአፈሩ አሟሙቶ ያመጣው ጨው ሲሆን፣ ውሃው ሲተን ላዩ ላይ ይቀራል። በውሃ ቢታጠብ ተመልሶ ሟሙቶ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ ማንሣት ይሻላል። እኔ ራሴ እነዚህን ምልክቶች እያየሁ፣ ወፍራም ቀለም ይደፍናቸዋል ብዬ በማሰብ የዘይት ቀለም የቀባሁት ግንብ ነበረኝ። ከአንድ የዝናብ ወቅት በኋላ ቀለሙ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ አበጠ፤ አንዱን እብጠት በምስማር ጫፍ ስወጋው ውሃ ጠብ አለ፤ ከሥሩ ያለው ልስንም በጥፍር የሚፋቅ ሆኖ አገኘሁት። የዘይት ቀለም እንፋሎት አያሳልፍም፤ መውጫ ያጣው ውሃ ደግሞ ቀለሙን ገፍቶ ያነሣዋል።

መፍትሔው ከእርጥበቱ ምንጭ ይጀምራል። ግንቡን ተደግፎ የተቆለለ አፈር ካለ መነሣት አለበት፤ ግንቡ የእርጥበት መከላከያ ንጣፍ (ውሃ ከአፈር ወደ ላይ እንዳይወጣ በግንቡ እግር አካባቢ የሚነጠፍ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን) ካለውም አፈሩ ከንጣፉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይኖርበታል። አናቱ ላይም የዝናቡን ውሃ ከግንቡ ፊት አርቆ የሚያንጠባጥብ ክዳን ያስፈልጋል። ግንቡ ከደረቀ በኋላ እንደ ኖራ ወይም ከማዕድን እንደሚሠራው ሲሊኬት ቀለም ያለ፣ እንፋሎት የሚያሳልፍ ቀለም ይመረጥ። ኖራ በአንድ ጊዜ ወፍራም ተደርጎ ከተቀባ ይሰነጣጠቃል፤ ላዩ ብቻ ውሃ በተረጨ ግንብ ላይ ስስ ስስ ተደርጎ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሲደራረብ ግን ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ያለ መነጽርና ጓንት መሥራት አይገባም፤ ቀድሞ በፕላስቲክ ቀለም በተቀባ ግንብ ላይም በደንብ አይጣበቅም። ልስኑ አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ከመቀባቱ በፊት ቢያንስ 28 ቀን መታገሥ ያሻል።

ግንቡ ከበስተጀርባው አፈር የሚደግፍ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ የተተዉትን የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ለመልክ ሲባል መድፈን አደገኛ ነው። ከኋላ የሚጠራቀመው ውሃ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ግንቡን ሊያዘምመው፣ አልፎም ሊጥለው ይችላል።

ቀለምን ከትንሽ የናሙና ካርድ ላይ መምረጥ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። በካርድ ላይ ለስላሳ የሚመስል ቢጫ በ20 ሜትር ግንብ ላይ ሲዘረጋ ዓይን የሚወጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ቀብቶ ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ መመልከት ይህን ጸጸት ያስቀራል። ንጹሕ ነጭ በጠንካራ ፀሐይ ብርሃኑን መልሶ ስለሚወረውር አጠገቡ መቀመጥን አድካሚ ያደርገዋል፤ በጣም የጠቆረ ቀለም ደግሞ ሙቀት ስለሚውጥ ልስኑ አብዝቶ እየተለጠጠና እየተኮማተረ ይሰነጠቃል፣ አጠገቡ ያለውን ተክልም ያጠወልጋል።

ወደ ተክል ስንመጣ፣ ሐረግን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ መቁጠር ብዙዎችን ያሳስታል። አይቪና ፊከስ ፑሚላ በራሳቸው ሥሮች ግንቡን ይዘው ይወጣሉ፤ ድጋፍ አይፈልጉም፤ ነገር ግን ልስኑ አስቀድሞ የተሰነጠቀ ከሆነ ሥሮቻቸው ስንጥቁን ያሰፉታል፣ ሲነቀሉም ቀለሙን ይዘው ይወርዳሉ። ጃስሚን ግንዱን እየጠመጠመ ስለሚወጣ ሽቦ ያስፈልገዋል። ቡጋንቪሊያና ወደ ላይ የሚወጣው የጽጌረዳ ዓይነት ደግሞ መያዣ የሌላቸው፣ በእሾሃቸው እየተደገፉ የሚንጠራሩ ተክሎች ስለሆኑ እያደጉ ሲሄዱ መታሰር አለባቸው። ሽቦው ከግንቡ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ ቢወጠር ግንዱ መጠምጠሚያ፣ አየሩም መተላለፊያ ያገኛል። የማይዝግ ሽቦ መምረጥ ይበጃል፤ የዛገ ሽቦ በነጭ ግንብ ላይ የሚተወውን ቡናማ ጭረት ማስለቀቅ እጅግ ከባድ ነውና።

ተክሉን ከግንቡ ጋር አጣብቆ መትከልም እንዲሁ ስህተት ነው። ጥሩ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከግንቡ ሥር ያለውን አፈር በእጅዎ ቆፈር አድርገው ይመልከቱት፤ ላዩ ርሶ፣ ከአንድ ጣት በታች ግን አቧራ ሆኖ የሚያገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ግንቡ ዝናቡን ይጋርደዋል፤ ጡቡም የቀረውን እርጥበት ይመጠዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ ከግንቡ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይቆፈር፤ ሥሩ ወደ ውጭ፣ ግንዱ ወደ ግንቡ ዘንበል ብሎ ይተከል፤ በመጀመሪያው ዓመትም አዘውትሮ ይጠጣ።

የፀሐይን አቅጣጫ ሳይመለከቱ ተክል መግዛትን እዚህ ላይ ሳላነሣ አላልፍም። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ወደ ሰሜን የሚያይ ግንብ አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ነው፤ በደቡባዊው ነገሩ ይገለበጣል፤ በምድር ወገብ አቅራቢያ ደግሞ ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ስለምትዞር፣ በአንድ ወር የታየው ጥላ ለዓመቱ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። ቡጋንቪሊያ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኘ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። አይቪ ግን በጥላ ይኖራል።

በግንቡ ላይ ማሰሮ ወይም የተክል ኪስ (አፈር ተሞልቶ ተክል የሚያድግበት ተንጠልጣይ ከረጢት) ሲሰቀል ክብደቱን መዘንጋት ያስከፍላል። አንድ ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ውሃ የጠገበ አፈር ሲጨመርበት ልስን ላይ ብቻ የተያዘ ብሎን አይችለውም፤ ብሎኑ ከልስኑ አልፎ ጡቡን መያዝ አለበት። እንዲህ ያሉ ኪሶች በሞቃት ቀን ቶሎ ስለሚደርቁ፣ በየቀኑ ውሃ ማጠጣት የማይችል ሰው ባይጀምራቸው ይመረጣል። ግንቡ የጋራ ከሆነ ደግሞ ከመብሳት በፊት ጎረቤትን ማስፈቀድ ግድ ነው።

ትንንሽ ጌጦችን በሰፊ ግንብ ላይ መበተን ግንቡን ይበልጥ ባዶ ያስመስለዋል። ከአሥር ትንንሽ ማሰሮዎች አንድ ትልቅ የእንጨት ፍርግርግ፣ ወይም ከግንቡ ፊት የቆመ አንድ ዛፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 በአርክቴክቸር ዘርፍ ታላቅ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት የተቀበለው የሜክሲኮው አርክቴክት ሉዊስ ባራጋን ሰፋፊ ግንቦችን በአንድ ደማቅ ቀለም ብቻ እየቀባ፣ ጌጡን ለብርሃንና ለጥላ ይተወው ነበር። ግንቡ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት ብለው ለሚያስቡ ሁሉ የእሱን ሥራዎች ፎቶግራፍ እንዲመለከቱ ከልብ እመክራለሁ። ቦታውን ለማስፋት ተብሎ የሚሰቀል ትልቅ መስተዋት ግን ይቅር፤ ወፎች ክፍት ሰማይ መስሏቸው ይጋጩበታል።

በመጨረሻ መብራት አለ። ከግንቡ እግር ሥር ተጠግቶ ወደ ላይ የሚያበራ መብራት የልስኑን ጉብጥና ስርጉድ ሁሉ አጉልቶ ያሳያል፤ በድንጋይ ግንብ ላይ ይህ ውበት ሲሆን፣ በደንብ ባልተስተካከለ ልስን ላይ ግን ጉድለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልስን መብራቱን ከግንቡ አንድ ሜትር ያህል አርቆ ማስቀመጥ ይሻላል። ብርሃኑም ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ይሁን፤ ሰማያዊ የሚያመዝንበት ነጭ ብርሃን ነፍሳትን አብዝቶ ይስባል። የኤሌክትሪክ መስመሩ በግንቡ ውስጥ የሚቀበር ከሆነ ከልስኑና ከቀለሙ በፊት፣ በባለሙያ እጅ ይዘርጋ።