ጉዛራንና ጎንደርን በአንድ ቀን ከአስጎብኚ ጋር እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ጎንደር የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣውን አስቀምጦ በቀጥታ ፋሲል ግቢ ይገባል። ጉዛራ ግን ሳይታይ ይቀራል። ይህ ያስቆጫል፤ ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ የግንብ ሥራውን ከባዶ አልጀመሩትም። ከእሳቸው በፊት ዐፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563–1597) ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ፣ እንፍራንዝ አጠገብ፣ ጉዛራ የተባለውን ክብ ማማ ያለው ፎቅ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። ስለዚህ ይህ የጉብኝት ዕቅድ ከጉዛራ ተነሥቶ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽና ቤተ ክርስቲያን ባለበት ቁስቋም ላይ ያበቃል። ጠዋት ጉዛራን ያየ ሰው ከሰዓት ፋሲል ግቢ ሲገባ የሚያየውን ነገር ያውቀዋል።

1. ቀኑን መምረጥ

ጥሩው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ የጠራ ስለሚሆን ጣና ከኮረብታው ላይ በደንብ ይታያል። ከየካቲት በኋላ አቧራና ጭጋግ አድማሱን ይሸፍነዋል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የጉዛራ አቀበት ጭቃ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ቀን መቁጠሪያም ማየት ያስፈልጋል። ወር በገባ በ7 ሥላሴ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በሰው ይሞላል። በ6 ደግሞ ቁስቋም ናት፤ ዓመታዊ ክብረ በዓሏ ኅዳር 6 ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዐቢይ ጾም ነው፦ በሳምንቱ የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከሰዓት ስለሚሆን «ከምሳ በኋላ እገባለሁ» ያለ ጎብኚ በር ላይ ይቀራል። ጥር 10 እና 11 ለዚህ ዕቅድ አይሆኑም፤ ጥምቀት ለብቻው ሊመጡለት የሚገባ በዓል ነው።

2. አስጎብኚና መኪና መያዝ

ፈቃድ ያላቸውን አስጎብኚዎች ፋሲል ግቢ መግቢያ አካባቢ ማግኘት ይቻላል። መታወቂያቸውን ለማየት አይፈሩ። ዋጋ ሲነጋገሩ አራት ነገሮችን አስቀድመው ይቁረጡ፦ ክፍያው በሰው ነው በቡድን? ጉዛራን ይጨምራል ወይስ ከተማውን ብቻ? የአስጎብኚውና የሾፌሩ ምሳ በማን ነው? መኪናው ቆሞ ለሚጠብቅበት ጊዜ ተጨማሪ ይጠየቃል? በቀኑ መጨረሻ የሚነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ ከነዚህ ካልተባሉት ነገሮች ይመነጫል። ስምምነቱን በስልክ መልእክት ጽፎ መላላክ በቂ ማስረጃ ነው።

አስጎብኚውን ለመመዘን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ግንቦቹን ማን ሠራቸው?» ብለው ይጠይቁት። «ፖርቹጋሎች» ብሎ ከዘጋው ሌላ ይፈልጉ። የኢየሱሳውያንን ሚስዮናውያን ከአገር ያስወጡት ዐፄ ፋሲል ራሳቸው ናቸው፤ ጉዛራም ከፋሲል ግቢ ይቀድማል። የህንድ፣ የፖርቹጋልና የአገር ውስጥ ባለሙያ እጅ እንዴት እንደተቀላቀለ የሚያስረዳ ሰው ቀኑን ሙሉ ይጠቅምዎታል።

ለከተማው ባጃጅ ይበቃል። ለጉዛራ ግን መኪና የግድ ነው፤ ከጎንደር ወደ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሾፌሩ ነዳጅ ከዋዜማው መሙላቱን ያረጋግጡ። ጠዋት ማደያ ላይ ሰልፍ መያዝ ዕቅዱን ገና ሳይጀመር ያፈርሰዋል።

3. ከዋዜማው ማታ

ስለ መንገዱ ሰላም ሾፌሩንም፣ ያረፉበትን ሆቴልም፣ እንፍራንዝ ያለ ሰውንም ይጠይቁ። ሦስቱም ካልተስማሙ አይውጡ፤ ጉዛራን ትተው የከተማውን ክፍል ብቻ ያድርጉ። ኬላ ላይ ስለሚጠየቅ መታወቂያ አይለይዎ። ከውጭ የመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርዳቸውን ይያዙ፤ የመግቢያ ዋጋ ለአገር ሰውና ለውጭ ሰው ስለሚለያይ ትኬት ቢሮ ላይ ክርክር ያስቀራል።

በቦርሳ የሚገባው፦ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውኃ፣ ዳቦ ወይም ቆሎ፣ ኮፍያ፣ ነጠላ፣ ዝርዝር ብር። ጫማው ሶሉ የሚይዝ ይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን ስለሚወለቅም ማሰሪያው የማያስቸግር ቢሆን ይመረጣል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከሌላ ቆላ በቀጥታ የመጣ ሰው ራስ ምታትና ቶሎ መድከም ሊገጥመው ስለሚችል በመጣ ማግስት ይህን ጉዞ ባይሞክር ይሻላል።

4. ጉዛራ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል (ደርሶ መልስ)

12 ሰዓት ላይ ተነሥተው በአዘዞና በማክሰኚት በኩል የባሕር ዳርን መንገድ ይያዙ። ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ከዋናው መንገድ ወደ ኮረብታው ላለው ሽቅብ ግማሽ ሰዓት ይመድቡ። ማልዶ መውጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ 4 ሰዓት ካለፈ ፀሐዩ አቀበቱን ከባድ ያደርገዋል። እላይ ሱቅም ሻይ ቤትም አይጠብቁ።

ከመግባትዎ በፊት ግንቡን ዙሪያውን ይዙሩት። አራት ማዕዘኑን ሕንፃና ማዕዘኑ ላይ የቆመውን ክብ ማማ ልብ ይበሉ፤ ፎቶም ያንሡ። ከሰዓት ፋሲል ግቢ ቆመው ፎቶውን ሲያወጡት ዝምድናው በዓይን ይታያል። ከዚያ ፊትዎን ወደ ጣና ያዙሩ፦ ሜዳው፣ ሐይቁና መንገዱ በአንድ እይታ ይገባሉ። ንጉሡ ቦታውን ለምን እንደመረጡት አስጎብኚው እዚህ ላይ ቢያስረዳ ይሻላል። የግድግዳው ጫፍ ላይ መውጣት ግን ክልክል ይሁንብዎ፤ ለሰውም ለድንጋዩም አደጋ ነው።

5. ደብረ ብርሃን ሥላሴ

በምሳ ሰዓት ስለሚዘጋ 5 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይድረሱ። ወንድና ሴት የሚገቡበት በር ይለያያል፤ ፍላሽ አይፈቀድም። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ሁሉም ያያል። በቅጥሩ ላይ ያሉትን 12 ክብ ማማዎች ግን ጥቂት ሰው ይቆጥራል፤ የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1888 የሱዳን ደርቡሾች የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥሉ የተረፈ ነው፤ በቃል የሚነገረው የንብ መንጋ ታሪክም ከአስጎብኚው አፍ ቢሰማ ይጥማል።

ምሳ በዚያው ፒያሳ አካባቢ ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ በየቦታው አለ።

6. ፋሲል ግቢ፦ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት

የቀኑ ልብ ይህ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በታች አይስጡት። የግቢው ቅጥር ወደ 900 ሜትር ይረዝማል፤ ጃን ተከል በር፣ እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር፣ ወምበር በር እያለ 12 በሮች አሉት። የየበሩ ስም ማን በየት በኩል ይገባ እንደነበር ስለሚናገር አስጎብኚው ቢያንስ ሦስቱን ያሳይዎ።

ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ነገሥታቱም በቅደም ተከተል ይመጣሉ። መጀመሪያ 32 ሜትር ቁመት ያለው የዐፄ ፋሲል ግንብ ነው፤ አራቱ ጉልላታም ማማዎች ላይ ሲደርሱ የጉዛራውን ፎቶ ያውጡ። ቀጥሎ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ይመጣል። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያው እንደ ኮርቻ ጎበጥ ያለ ሲሆን ጉዳቱ ይታያል፦ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ጣሊያኖች ግቢውን መምሪያ ስላደረጉት የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ አግኝቶታል። ከዚያ የዳዊት አዳራሽና የአንበሳ ቤት፣ ቀጥሎ የበካፋ ሕንፃ፣ በመጨረሻ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ። እዚህ ቀረብ ብለው በቀይ ድንጋይ የተሠሩትን መስቀሎች ይዩ። በኋላ ይፈልጓቸዋል።

7. የፋሲል መዋኛና ቁስቋም

የፋሲል ግቢ ትኬት ለመዋኛው ስለሚያገለግል አይጣሉት። ገንዳው ከጥምቀት ውጪ ደረቅ ነው፤ ውኃው ከቀሃ ወንዝ የሚገባው ለበዓሉ ነው። ሰላሳ ደቂቃ ይበቃል። ቅጥሩን እንደ ገመድ የጠመጠሙት የዛፍ ሥሮች ለፎቶ የሚሆኑት በዚህ ሰዓት ነው።

ቁስቋም ከዚያው አቅጣጫ ወደ ላይ ነው፤ በባጃጅም ይደረሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ከደርቡሽ ቃጠሎ በኋላ እንደገና የታነፀ ቢሆንም የእቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ፤ ቅድም በምንትዋብ ግንብ ላይ ያዩት የቀይ ድንጋይ ጌጥ እዚህም ይጠብቅዎታል። የምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በዚሁ ይገኛል። 12 ሰዓት ሳይሞላ ይውጡ።

ቀኑ ከተጣበበ መጀመሪያ የሚቀረው መዋኛው ነው፤ በማግስቱ በእግር ተመልሶ ማየት ይቻላል። ቀጥሎ ሥላሴን ወደ ማግስቱ ጠዋት ያሻግሩ። ጉዛራን ግን ማሳጠር አያዋጣም፤ ወይ በ12 ሰዓት ይወጣል ወይ በዚያ ቀን ይተዋል።