ያለ ልምድ ወደ አካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ ለመግባት

ሬዲዮ ላይ መሥራት የሚመኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ድምፁ ነው። ትንሽ ጣቢያ ግን በድምፅ እጦት አይቸገርም። የሚቸግረው ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ስቱዲዮ የሚደርስ፣ የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ተቀብሎ ፍሬውን በ4 ደቂቃ የሚያወጣ፣ መስመር ላይ የቆየን ደዋይ ሳያስቀይም የሚይዝ ሰው ማግኘት ነው። «አቅራቢ ልሁን» ብሎ የሚመጣው ሰልፉ ረጅም ነው፤ «ቅንብሩን እኔ ልሥራው» ለሚለው ግን ወንበር ቶሎ ይሳብለታል። ማይኩም ውሎ አድሮ ወደ እሱ መዞሩ አይቀርም፤ መደበኛው አቅራቢ በታመመ ቀን በቅርብ የሚገኘው እሱ ነውና።

ከማመልከታችሁ በፊት

የምትፈልጉትን ጣቢያ ደብተር ይዛችሁ ለአንድ ሳምንት ስሙት። በየቀኑ አንድ ሙሉ ሰዓት ምረጡና በደቂቃ መዝግቡ፦ ዜናው ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ማስታወቂያው የት የት ገባ፣ አቅራቢው በሁለት ዘፈን መካከል ስንት ሰከንድ ተናገረ። የመዘገባችሁትን በክብ ቅርጽ፣ እንደ ሰዓት አድርጋችሁ ሣሉት። ብዙ ጣቢያዎች በየሰዓቱ የሚደጋግሙት ቋሚ አደራደር ስላላቸው በሦስተኛው ቀን ንድፉ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ከዚያ ክፍተቱን ፈልጉ። ስፖርት እያለ የታዳጊዎች ውድድር የማይነሳ ሊሆን ይችላል፤ የእሁድ ከሰዓቱ ድግግሞሽ ብቻ ይሆናል። ከዚህ ክፍተት ያልተነሣ ሐሳብ የጣቢያውን ሰዎች አያሳምንም።

የጣቢያው ዓይነትም መግቢያ በሩን ይወስነዋል። የማኅበረሰብ ጣቢያ በበጎ ፈቃደኛ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ጀማሪ ይቀበላል፣ ያሠለጥናልም። የንግድ ጣቢያ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያየው አድማጭ ወይም ስፖንሰር ታመጡ እንደሆነ ነው። የሕዝብ ጣቢያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት የሥራ ቦታ አውጥቶ አወዳድሮ ይቀጥራል። ምንም ልምድ ለሌለው ሰው ከማኅበረሰብ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ጣቢያ መጀመር ይሻላል። እዚያ የተበላሸ የፕሮግራም መግቢያ ከምክር ያለፈ ነገር አያስከትልም።

የድምፅ ናሙናው

ከማመልከቻው ይልቅ የሚመዝነው ናሙናው ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይሁን። የፕሮግራም ኃላፊ ናሙናችሁን የሚሰማው በሌላ ሥራ መካከል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ካልያዙት ያቆመዋል። ስለዚህ ረጅም ሙዚቃ፣ ሰላምታና የሕይወት ታሪክ ከፊት አታስቀድሙ። ሁለት አጫጭር የአቅራቢ ንግግሮች እያንዳንዳቸው 30 ሰከንድ፣ አንድ የ1 ደቂቃ ዜና፣ አንድ ከቃለ መጠይቅ የተቀነጨበ የ40 ሰከንድ ክፍል ይበቃሉ። ዘፈን ካስገባችሁ መግቢያውን 3 ሰከንድ አሰምታችሁ ቁረጡት፤ ዘፈኑን እሱም ያውቀዋል። ታዋቂ አቅራቢን መቅዳት የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው። ቅጂ ደግሞ ያስታውቃል።

ለመቅረጽ ስቱዲዮ መከራየት አያስፈልግም። ስልክም ይበቃል፤ ክፍሉ ግን ወሳኝ ነው። ባዶ ግድግዳና ባዶ ወለል ድምፅን መልሰው ስለሚያስተጋቡ ናሙናው ከጉድጓድ የወጣ ይመስላል። መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ ያለበት ክፍል ምረጡ፤ ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ወደ ልብሶቹ ፊታችሁን አዙራችሁ ማንበብ አስገራሚ ለውጥ ያመጣል። ማቀዝቀዣና ማራገቢያ አጥፉ።

ማይኩን ከአፋችሁ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት፤ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ያነሰ ማለት ነው። ፊት ለፊት ሳይሆን በትንሹ ወደ ጎን ይሁን። «ፐ»፣ «ጰ» እና «በ» ሲነገሩ የሚወጣው አየር በቀጥታ ማይኩን ከመታ «ቡፍ» የሚል ድምፅ ይፈጥራል፤ ማይኩ ከአየሩ መንገድ ወጣ ሲል ችግሩ ይቀራል። ሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ የሚገኙት አብዛኞቹ ማይኮች አቅጣጫ የሚመርጡ ናቸው፤ ለእነዚህ በጣም ስትጠጉ ወፍራሙ ድምፅ እየጎላ ይመጣል። ጀማሪዎች ይህን «የሬዲዮ ድምፅ» ብለው ይወዱታል፤ ጭንቅላት ባንቀሳቀሱ ቁጥር ግን ድምፃቸው ይለዋወጣል።

የድምፅ መጠኑ ከፍተኛ ነጥቦች ከዜሮ፣ ማለትም መቅረጫው ሊይዝ ከሚችለው ጣሪያ፣ በታች በ12 እና በ6 ዲሲቤል መካከል ሲውሉ ጥሩ ነው። ዜሮን የነካ ድምፅ ይቆረጣል፣ ይሻክራል፤ በኋላ ሙሉ በሙሉ የሚያድነው የለም። ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ግን ከፍ ሊደረግ ይችላል፣ ስለዚህ ከተጠራጠራችሁ ወደ ታች አድልሉ። በዋቭ (WAV) የፋይል ቅርጽ፣ በ48 ወይም በ44.1 ኪሎኸርዝ ቅረጹ፤ ንግግር ስለሆነ ሞኖ (አንድ የድምፅ መስመር) ይበቃል። ለማቀናበር ኦዳሲቲ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ስትልኩ ወደ ኤምፒ3 በ128 ወይም በ192 ኪሎቢት ቀይሩትና የፋይሉን ስም በራሳችሁ ስም ጻፉ። «ናሙና የመጨረሻ አዲስ» የሚል ፋይል በየሳምንቱ ይመጣል።

ለጆሮ መጻፍ

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚቋጨው በግሥ ነው፤ አንባቢ ይህን በዓይኑ ቀድሞ ያየዋል፣ አድማጭ ግን መጠበቅ አለበት። «የውሃ መስመሩ በመሰበሩ ምክንያት በነዋሪዎች ላይ እየደረሰ ያለውን ችግር ለመቅረፍ የጥገና ሥራ በመከናወን ላይ እንደሚገኝ ተገለጸ» ቢባል፣ ግሡ እስኪመጣ የሰሚው ሐሳብ ሄዷል። ማን እንደገለጸም አልተነገረውም። ይልቅ እንዲህ ይሁን፦ «የተሰበረው የውሃ መስመር እየተጠገነ ነው። ነዋሪዎች ውሃ ካጡ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሥራው ነገ ያልቃል ብሏል።» አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ይያዝ። «ሲሆን» እና «በመሆኑም» ሲደጋገሙ ካያችሁ እዚያው ቁረጡ።

ሌላው ወጥመድ መጥበቅና መላላት ነው፤ ፊደላችን አያሳየውም። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ነው፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። «ይመታል» ሲላላ መቺው፣ ሲጠብቅ ተመቺው ነው። ቀድሞ ያልተነበበ ጽሑፍ ይዞ ማይክ ፊት የተቀመጠ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደናቀፈው። ጮክ ብላችሁ አንድ ጊዜ አንብቡና በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጉ። ቁጥርን በሚነበብበት መልክ በፊደል ጻፉ፤ 1,247,300 አየር ላይ «ከአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ በላይ» ቢባል ይሻላል። የሰውና የቦታ ስም አጠራር ባለቤቱን ጠይቁ።

ፍጥነታችሁን ለማወቅ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ በተፈጥሯዊ አነጋገር አንብቡ፣ የተነበቡትን ቃላት ቁጠሩ። ያ ቁጥር የእናንተ መለኪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ 30 ሰከንድ ስትባሉ ስንት ቃል እንደምትጽፉ ታውቃላችሁ። ወረቀቱን በአንድ ገጽ ብቻ፣ በትልቅ ፊደል አትሙ፤ ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር፣ ስቴፕለርም አትምቱበት። ሲገለጥ የሚሰማው ኮሽታ ሁሉ አየር ላይ ይወጣል።

መላኩ

ለፕሮግራም ኃላፊው በስሙ ጻፉ። አምስት ወይም ስድስት መስመር ይበቃል፦ የትኛውን ፕሮግራም እንደሰማችሁ፣ ምን መሥራት እንደምትችሉ፣ በየትኞቹ ቀንና ሰዓት እንደምትገኙ፣ ናሙናው የት እንዳለ። በሳምንቱ መጨረሻ፣ በበዓልና በሌሊት እገኛለሁ የሚል መስመር ከብዙ የትምህርት ማስረጃ ይበልጣል። መልስ ካጣችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ።

የራሳችሁን ፕሮግራም ካቀረባችሁ ሐሳቡ በአንድ ገጽ ይለቅ፤ በዚያው ገጽ ላይ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ክፍሎች ይዘትና እንግዶች ዘርዝሩ። አንዱን ክፍል ማንም ያስባል። ሐሳብ የሚነጥፈው ሦስተኛው ሳምንት ላይ መሆኑን ኃላፊዎቹ ደጋግመው ስላዩ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚሄደው ወደ አራተኛው ነው።

ሲቀበሏችሁ ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ፣ ከሌለ ሥልጠናው ምን ያህል እንደሚቆይ፣ መጓጓዣ ይሸፈን እንደሆነ፣ የሠራችሁትን ቅጂ ለራሳችሁ መያዝ ትችሉ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። በነፃ መሥራት ነውር የለውም፤ መጨረሻው ያልታወቀ ነፃ ሥራ ግን ቅሬታ ያመጣል።

ስቱዲዮ ውስጥ

የመጀመሪያው ሕግ፦ ማንኛውንም ማይክ ክፍት ነው ብላችሁ ገምቱ። ቀይ መብራት ባይበራም ሐሜትና ስድብ ከስቱዲዮው በር ውጭ ይቅር። ማይክ ሲከፈት የክፍሉ ድምፅ ማጉያ በራሱ የሚዘጋው ድምፁ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ገብቶ እንዳይጮህ ነው። ስለዚህ አቅራቢ በጆሮ ማዳመጫ ይሠራል፤ አንዱን ጆሮ ክፍት ማድረግ ለአንዳንዱ ይመቸዋል፣ ያልለበሱት ወገን ድምፅ ማይኩ እንዳይደርስ ግን ጠንቀቅ በሉ።

ድምፆቹን የሚያቀላቅለው መሣሪያ፣ ሚክሰሩ፣ ላይ እያንዳንዱ ፌደር (ከፍ ዝቅ የሚደረገው የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) የአንድ ምንጭ በር ነው፦ አንዱ ማይክ፣ አንዱ ኮምፒውተር፣ አንዱ ስልክ። ከፌደሩ አጠገብ ያለው የቅድመ ማዳመጫ ቁልፍ ምንጩን አየር ላይ ሳይወጣ በማዳመጫችሁ ብቻ ያሰማችኋል። ይህን ቁልፍ ያልተለማመደ ሰው ያልሰማውን ነገር አየር ላይ ይለቃል። የተጫወተውን ፌደር ዝቅ ማድረግ መርሳት ደግሞ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ የሚጮኽበት ዋነኛ ምክንያት ነው።

ዝምታ ከስሕተት ይከፋል። አሁን ያለው ዘፈን ሲጀምር ቀጣዩ ተጭኖ መቆየት አለበት። ብዙ ጣቢያዎች ዝምታው ከተወሰነ ሰከንድ ካለፈ በራሱ ወደ መጠባበቂያ ድምፅ የሚቀይር መሣሪያ አላቸው፤ የእናንተ ጣቢያ ይኖረው እንደሆነና በስንት ሰከንድ እንደሚነሣ ጠይቁ። ለማስደመም ብላችሁ ረዥም ፋታ ስትወስዱ ማሽኑ ንግግራችሁን ሊያቋርጠው ይችላል።

ሰዓት የሚቆጠረው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። ዜናው ሰዓቱ ሲሞላ ይጀምራል እንበል፤ አሁን 52 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሆኗል። የቀራችሁ 7 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው። ከዚህ ላይ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ማስታወቂያ እና 4 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ዘፈን ሲቀነስ ለንግግር 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይተርፋል። ይህን ሒሳብ ያልሠራ አቅራቢ የዘፈኑን አንገት ቆርጦ ወደ ዜና ይሮጣል።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚመደበው ስልክ ላይ ነው፤ አትናቁት። ደዋዩ ስሙን፣ የሚናገረውን ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የት ሆኖ እንደሚደውል ይናገር። ሬዲዮውን እንዲያጠፋ ንገሩት፤ ካላጠፋ ድምፁ ተመልሶ ይጮኻል ወይም ዘግይቶ የሚሰማው የገዛ ድምፁ ያደናቅፈዋል። ጣቢያው ስርጭቱን በጥቂት ሰከንድ የሚያዘገይ መሣሪያ ከሌለው የአቅራቢው እጅ ከስልኩ ፌደር አይራቅ። ደዋይ የሰው ስም ጠርቶ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ቢል ጣቢያው በሕግ ሊጠየቅ ይችላል፤ መስመሩን ዝቅ አድርጉ፣ በእርጋታ «ይህን ማረጋገጥ ስለማንችል እዚህ ላይ እናቆማለን» በሉና ቀጥሉ።

ውጭ ወጥታችሁ ስትቀርጹ

ስልካችሁን ወደ በረራ ሁኔታ ቀይሩ፤ ካልሆነ በመካከሉ ሊጮህ፣ የኔትወርኩም «ትር ትር» ድምፁ ሊገባ ይችላል። ማዳመጫ አድርጋችሁ ቅረጹ፤ የላላ ገመድ ወይም ንፋስ የሚታወቀው በዚያው ቦታ ነው። ማይኩን ራሳችሁ ያዙ፣ ለእንግዳው አትስጡ። «ደስ ብሎሃል?» ከሚል ጥያቄ «አዎ» ብቻ ይወጣል፤ «ሲነግሩህ መጀመሪያ ምን አደረግህ?» ከሚለው ታሪክ ይወጣል። እኛ ሰው ሲያወራ «እህ»፣ «እሺ» እያልን፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳብን ማጀብ ልማዳችን ነው፤ ማይክ ፊት ይህ ጨዋነት ቅንብሩን ያበላሻል፣ ምክንያቱም የእናንተን ድምፅ ከእንግዳው ቃል ላይ ልጦ ማውጣት በቀላሉ አይቻልም። ጭንቅላት በመነቅነቅና በዓይን አጅቡ። ከመለያየታችሁ በፊት ማንም ሳይናገር የቦታውን ድምፅ 30 ሰከንድ ቅረጹ፤ ስትቆርጡ የመገጣጠሚያውን ስፌት የሚሸፍንላችሁ እሱ ነው።

አየር ላይ ስትሳሳቱ ትክክለኛውን ቃል ተናገሩና ቀጥሉ፤ «ይቅርታ» አንዴ ከተባለ ይበቃል። ያቀረባችሁትን ሁሉ ቅረጹ፣ በማግስቱ ስሙ፣ ለቀጣዩ ሳምንት የምታርሙትን አንድ ጉድለት ብቻ ምረጡ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ የቤቱን ናሙና ጣሉትና ከእውነተኛው ስርጭት አዲስ ሥሩ። የበዓል ተተኪዎች ዝርዝር ከመውጣቱ አስቀድሞ ለኃላፊው ስጡት።