ለነጥብ የማይጫወት የወሎ ምርጥ ቡድን እንዴት ይቋቋማል?

ደሴን ዋና ከተማው አድርጎ የቆየው የቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር ዛሬ በደቡብ ወሎ፣ በሰሜን ወሎ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በዋግ ኽምራና በሌሎች አጎራባች አስተዳደሮች ተከፋፍሎ ስለሚገኝ፣ «የወሎ ቡድን» በሚል ስም በሊግ ሊያስመዘግብና በጀት ሊይዝ የሚችል አንድ ጽሕፈት ቤት የለም። ወሎን የሚወክል ምርጥ ቡድን ለማሰባሰብ የሚነሣ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ሊቀበለው ይገባል። ቡድኑ የሚያደርገው ይፋዊ ያልሆነ የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ነው፤ ነጥብ፣ ደረጃና ዋንጫ የለውም፤ ማንንም እንዲመጣ የማስገደድ መብትም የለውም። ስለዚህ ከአሰልጣኝ ምርጫ በፊት ሁለት ነገሮች መልስ ማግኘት አለባቸው፤ እነርሱም የጨዋታው ቀንና የክለቦች ፈቃድ ናቸው።

በዚህ መንገድ የሚኖሩ ቡድኖች በሌላ ዓለምም አሉ። በስፔን ውስጥ ያሉት የካታሎኒያና የባስክ ግዛቶች ምርጥ ቡድኖች የፊፋም ሆነ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር አባላት ስላልሆኑ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አይሰለፉም። ብዙውን ጊዜ ይጫወቱ የነበረው የስፔን ሊግ ለገና በዓል ዕረፍት በሚወጣበት ሰሞን ሲሆን፣ ምክንያቱም ተጫዋቾቹን ከክለቦቻቸው ያለ ክርክር ማግኘት የሚቻለው በዚያ ወቅት በመሆኑ ነው። የኔዘርላንዱን ታላቅ ተጫዋችና አሰልጣኝ ዮሐን ክራይፍን የሚያህል ሰው ከ2009 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ካታሎኒያን ባሠለጠነበት ዘመን እንኳ ቡድኑ የሊጉን የቀን መቁጠሪያ ጠብቆ ከመጫወት አልወጣም። እኛም ቀኑን ስንመርጥ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለንም።

በወሎ ቀን መምረጥ የራሱ ስሌት አለው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ሜዳው ጭቃ ነው፤ ደሴ ላይ ደግሞ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ከአንዱ ጎል ሌላው የማይታይበት ቀን ያጋጥማል። የበልጉ ዝናብም በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ሳይታሰብ ይመጣል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ያለፈው ዓመት ቀን ለዘንድሮ አይሠራም፤ በጾሙ ወር ጨዋታ ባይያዝ ይሻላል የሚል አቋም አለኝ፤ ከቡድኑ ግማሹ ሳይበላና ሳይጠጣ 90 ደቂቃ እንዲሮጥ መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም። የዓቢይ ጾም መጨረሻ ሳምንትም እንዲሁ ቢታለፍ መልካም ነው። ይህ ሁሉ ተቀንሶ ሲታይ ምርጡ ጊዜ ከመስቀል በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው፤ ዝናቡ አልፏል፣ ለበዓል ወደየቤተሰቡ የመጣው ሰው ሁሉም አልተመለሰም፣ ክለቦችም ለውድድር ዘመኑ እየተዘጋጁ በመሆናቸው ራሳቸው የወዳጅነት ጨዋታ ይፈልጋሉ። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ 9:00 ቢሆን ቅዳሴውም አይነካም፤ የ15 ደቂቃው ዕረፍት ተጨምሮ እንኳ ጨዋታው ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልቃል። ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በቂ ጊዜ ይተው። ባቲ ላይ ሰኞ የሚባል ቀን አይታሰብም፤ ከተማው በሙሉ ገበያ ነው።

የተጫዋቾች ምርጫ ቶሎ ቅሬታ የሚያስነሣ ጉዳይ ነው። ደሴ ላይ የተሰበሰበ ኮሚቴ ሳያስበው ከደሴ ልጆች ብቻ ይመርጥና ወልዲያና ከሚሴ ያለው ሰው «ይህስ የደሴ ምርጥ ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው። እኛ እንዲህ ያለውን ቡድን ስናሰባስብ ያወጣነው ደንብ ከመጀመሪያዎቹ 11 ተሰላፊዎች መካከል ከአንድ ከተማ የሚመጡት ከ4 እንዳይበልጡ የሚል ነበር። ደንቡ አንዳንድ ጊዜ የተሻለውን አጥቂ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ይሁን እንጂ ቡድኑ የተቋቋመው ለማሸነፍ ሳይሆን ሐይቅ፣ መርሳ፣ ቆቦ፣ ውጫሌ ያለው ተመልካች የራሱን ልጅ በአንድ ማልያ ውስጥ እንዲያይ በመሆኑ ጉዳቱን ተቀብለነዋል። 20 ተጫዋች ይበቃል፤ ከእነርሱ ሁለቱ በረኞች ይሁኑ።

ለክለቦች የሚጻፈው ደብዳቤ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ አማካይ ተጫዋች በስልክ ጠይቀን እሺ ስላለን ብቻ ስሙን ዝርዝር ውስጥ አስገባን፤ የክለቡ አሰልጣኝ ነገሩን የሰማው በጨዋታው ዕለት ጠዋት ነበር። ልጁ ታኬታውን አስሮ ከመስመር ውጭ ተቀምጦ ዋለ። አሰልጣኙን አልወቅስም፤ ደመወዝ የሚከፍለው ክለብ ተጫዋቹ ያለ እርሱ ፈቃድ ቢሰበር የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ማወቅ መብቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤያችን የተጫዋቹን ስም፣ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት፣ ከ45 ደቂቃ በላይ እንደማይሰለፍ፣ ጉዳት ቢደርስበት የመጀመሪያውን ሕክምና ኮሚቴው እንደሚሸፍን ይገልጻል፤ መልሱም በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ደብዳቤው ከጨዋታው ሦስት ሳምንት በፊት ይድረስ። ግልባጩ ለከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ለከተማው አስተዳደርና ለፖሊስ ቢሰጥ ሰው በሚሰበሰብበት ቀን ጥያቄ አይነሣም።

ተጋጣሚ መፈለግ ያን ያህል አያስቸግርም። ከወልዲያ፣ ከደሴ ከተማና ከኮምቦልቻ ከተማ ክለቦች አንዱ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ወይም አዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ስብስብ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመጥናሉ። ገና አብሮ ያልተለማመደ ምርጥ ቡድን ከጠንካራ ክለብ ጋር ገጥሞ 6 ጎል ቢቆጠርበት በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣለት ተጫዋች አያገኝም። በስምምነቱ ላይ የማልያ ቀለም መጻፍ አይረሳ። አንድ ጊዜ ሁለታችንም አረንጓዴ ለብሰን ተገናኘንና የእኛ ልጆች በማልያቸው ላይ የልምምድ ሰደርያ ደርበው ተጫወቱ፤ ቁጥሩ ስለተሸፈነ ዳኛው ቢጫ ካርድ የሰጠው ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተለየም።

ሜዳን በሚመለከት በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የወልዲያው ስታዲየም ለወሎ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም ለወዳጅነት ጨዋታ ሁልጊዜ አስፈላጊ አይደለም፤ 1,000 ተመልካች እዚያ ውስጥ ሲገባ ባዶ ይመስላል። የትንሽ ከተማ ሜዳ ከተመረጠ ግን አንድ ቀን ቀደም ብሎ በሜትር መለካት ያስፈልጋል። ርዝመቱ ከ90 እስከ 120 ሜትር፣ ወርዱ ከ45 እስከ 90 ሜትር ባለው መካከል ይሁን። የጎሉ ስፋት 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው። ከፍታው በሁለቱ ቋሚዎች ሥር ብቻ ሳይሆን በመካከልም ይለካ፤ በረኛው የሚቆምበት አፈር ከዓመት ዓመት እየተበላ ስለሚጎደጉድ አግዳሚው ከመካከል ሲለካ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ይገኛልና። ጉድጓዱን በቀይ አፈር ሞልቶ ውኃ እያርከፈከፉ መጠቅጠቅ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። መስመሩን በኖራ ከማስመር በጄሶ ማስመር ይመረጣል፤ ኖራ ዓይንንና የተፋቀ ጉልበትን ያቃጥላል።

ኳሱ ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ዙሪያና ከ410 እስከ 450 ግራም ክብደት ያለው ይሁን፤ የሚነፋውም እዚያው ሜዳው ላይ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ታች ኮምቦልቻ ተነፍቶ በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት የወጣ ኳስ የውጭው አየር ግፊት ሲቀንስ ጥቂት ጠንክሮ ይደርሳል። ከኳሱ ይልቅ ግን ሰዉ ይጎዳል፤ ከባቲና ከከሚሴ ቆላ የመጣ ተጫዋች ደሴ ላይ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ትንፋሽ ያጥረዋል። አሰልጣኙ ይህን ስንፍና አድርጎ እንዳይቆጥረው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ዳኞቹ ፈቃድ ያላቸው ይሁኑ፤ ክፍያቸውም ከጨዋታው በፊት በፖስታ ይሰጣቸው፤ ተሸናፊ ቡድን ከጨዋታ በኋላ ሲከፈል ካየ የሚያወራው አያጣም። የጨዋታው ሕግ በወዳጅነት ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች እስከተስማሙና ዳኛው አስቀድሞ እስካወቀ ድረስ ብዙ ተጫዋች መቀየርን ስለሚፈቅድ፣ ቁጥሩ በወረቀት ሰፍሮ ሁለቱ አምበሎች ይፈርሙበት። አቻ ከወጡ አቻ ይሁን፤ ለወዳጅነት የመጣን እንግዳ ፍጹም ቅጣት ምት አስመትቶ መሸኘት አያምርም።

መስተንግዶውን ቀላል አድርጎ የሚያይ ኮሚቴ ይሳሳታል። በአንድ ቡድን ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ስላለ፣ ሥጋ ከተባለ ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስትና ሁለት ጭልፋ ያስፈልጋል፤ ጭልፋው የተቀላቀለ እንደሆነ ማንም ሳይናገር ሰው ሁሉ እጁን ይሰበስባል። ምግቡን የሚያስተባብሩልን እናት በሁለተኛው ዓመት «ልጆቼ፣ ለምን በያይነት አላደርገውም?» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች በአንድ ትሪ ቀርቦ ሁሉም አብሮ በላ፤ ወጪውም ቀነሰ። ቡናው እስከ በረካ ይጠጣ፤ የሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ ቀን የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ገንዘቡ በመዋጮ ይሰብሰብ፤ የቅጥቅጡ ኪራይ፣ የዳኛውና የምግቡ ወጪ በደረሰኝ ተይዞ በሳምንቱ ውስጥ ላዋጡት ሰዎች ይነበብ። የዚህን ቡድን ታሪክ የሚመዘግብለት ፌዴሬሽን ስለሌለ የተሰላፊዎቹን ስም፣ ጎል አግቢዎቹንና ደቂቃውን አንድ ሰው በደብተር ይጻፍ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚነሣውን ክርክር የሚፈታው ይህ ደብተር ነው።

የመጨረሻው ሥራ ማልያ መሰብሰብ ሲሆን፣ የሚሰበሰበውም ፊሽካው እንደተነፋ እዚያው ሜዳው ላይ እየተቆጠረ ነው። «አጥቤ አመጣዋለሁ» የሚል ይኖራል፤ አመስግኖ መቀበል ብቻ ነው። እኛ በመጀመሪያው ዓመት 20 ሰጥተን 13 ተመለሰልን። ከቀሩት ሰባቱ አንዱን፣ 9 ቁጥሩን፣ እስከ አሁን ሰኞ ገበያ አካባቢ አልፎ አልፎ አየዋለሁ፤ የለበሰው ግን የእኛ አጥቂ አይደለም።