ስምንት ስሬድ እያለ ፋይል የሚጨምቀው አንዱ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ችግርና መፍትሄ

ስሬድ ማለት ፕሮሰሰሩ (ሲፒዩው) በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ከሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች አንዱ ነው። ታስክ ማናጀር (የዊንዶውስ የሥራ መከታተያ) ላይ ያለው የሲፒዩ ቁጥር ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። 4 ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) እና 8 ስሬድ ባለው ላፕቶፕ ቁጥሩ 12 ወይም 13 በመቶ ላይ ከቆመ የሚሠራው አንድ ስሬድ ነው፤ 25 ላይ ከቆመ ሁለት። ሲወጣ ሲወርድ ከዋለ ግን ፕሮሰሰሩን ትታችሁ ዲስኩን ተመልከቱ።

12 በመቶ፣ ጂዚፕ ላይ፦ ይህ የመጭመቂያ ፕሮግራም ሲጻፍም ለአንድ ስሬድ ነው። በብዙ ስሬድ በሚሠራው አቻው በፒግዝ ተኩት። ፋይሉን በ128 ኪሎባይት እየቆረሰ ለሁሉም ስሬድ ያድላል፤ የሚወጣውም ያው የጂዚፕ ፋይል ስለሆነ ተቀባዩ አይቸገርም።

25 በመቶ፣ ሰቨን ዚፕ ላይ፦ የተመረጠው የጭመቃ ዘዴ ኤልዜድኤምኤ ነው፤ ከሁለት ስሬድ አያልፍም። ወደ ኤልዜድኤምኤ2 ቀይሩት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ሁሉንም ኮር አዘዝን፣ የጭመቃውን ደረጃ 9 አደረግን፣ አሁንም ያው ነው» የሚባለው ኤክስዜድ የሚባለው መጭመቂያ ላይ ነው፤ ጥፋቱም ያ 9 ነው። ኤክስዜድ ፋይሉን ቆራርጦ ለየስሬዱ አንድ አንድ ቁራጭ ይሰጣል፤ ቁራጩ የዲክሽነሪው (ድግግሞሽ ለመፈለግ ወደኋላ የሚያስታውሰው የፋይሉ መጠን) ሦስት እጥፍ ነው። ደረጃ 6 ላይ ዲክሽነሪው 8 ሜጋባይት ስለሆነ ቁራጩ 24 ይሆናል። ደረጃ 9 ላይ ዲክሽነሪው 64፣ ቁራጩ 192 ሜጋባይት ነው። 500 ሜጋባይት የሆነ የቢሮ ዳታቤዝ በ9 ሲጨመቅ ሦስት ቁራጭ ብቻ ይወጣዋል፤ አምስቱ ስሬድ ሥራ ፈትቶ ይውላል። በ6 ግን 21 ቁራጭ ይሆናል፣ ሁሉም ሥራ ያገኛል።

ራሙም አለ። ደረጃ 9 ለእያንዳንዱ ስሬድ ከ1 ጊጋባይት በላይ ይበላል። ከ5.4 እትም ወዲህ ኤክስዜድ ሁሉንም ኮር ተጠቀም ሲባል ከራሙ ሩብ እንዳያልፍ የስሬዱን ቁጥር በራሱ ይቀንሳል። 8 ጊጋባይት ራም ላይ ሩቡ 2 ጊጋባይት ነው፤ በደረጃ 9 አንድ ስሬድ ይቀራል። ስለዚህ ደረጃ 6 አድርጉና ሰረዝ፣ ትልቁ ቲ፣ ዜሮ (-T0፣ ሁሉንም ኮር ተጠቀም ማለት ነው) ብላችሁ እዘዙ። ከ5.6 በፊት ባሉት እትሞች ይህ ካልተጻፈ ሥራው በአንድ ስሬድ ይሄዳል። እባካችሁ ትልቅ ቁጥር ስለሆነ ብቻ 9 አትምረጡ! ፋይሉ ከዲክሽነሪው ካነሰ ትርፉ ራም ማባከን ነው።

ዲስክ፦ ጥር ሲያልፍ የደብረ ብርሃን ስቱዲዮዎች የሠርግ ቪዲዮ ከፍላሽ ላይ እያነበቡ እዚያው ፍላሽ ላይ በከፍተኛ ደረጃ ይጨምቃሉ። ይህ ሁለት ጥፋት ነው። ርካሽ ፍላሽ ስምንት ስሬድ አይመግብም፤ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ዲስክ ቅዱ። ሁለተኛ፣ ኤምፒ4 ቀድሞውኑ የተጨመቀ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢታሽ አይቀንስም። ማሰባሰብ ብቻ ከፈለጋችሁ ሰቨን ዚፕ ላይ «ስቶር» (ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠውን) ምረጡ።

ኮሮቹ ሁሉ ተይዘው ሥራው ከተጓተተ ሙቀት ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ በአቧራ የታፈነ ላፕቶፕ ፍጥነቱን ራሱ ያወርዳል። አጽዱት።

ጭመቃው መሀል መብራት ከሄደ የወጣው ፋይል ጎዶሎ ነው። ዋናውን ፋይል ሳትፈትሹ አታጥፉ፤ ሰቨን ዚፕ ላይ «ቴስት» የሚለው ለዚህ ነው።

ሲፈታም (የተጨመቀው ወደ ነበረበት ሲመለስ) የሚያዘግም ፋይል አለ። ኤክስዜድ ከ5.4 ጀምሮ በብዙ ስሬድ ይፈታል፤ ግን ፋይሉ ሲጨመቅ ካልተቆራረጠ የሚያከፋፍለው ነገር የለም። ደጋግማችሁ የምትፈቱት ከሆነ አንዴ ፍቱና በብዙ ስሬድ እንደገና ጨምቁት።